ሦስተኛው ብሮንዚና

ሽታ ሰውን ወደ ልጅነቱ ቤት ይመልሰዋል ይባላል። አይመልሰውም። ሽታ ሰውን በአንገትጌው አንቆ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚወስደው። እንደ ፈረንጆቹ በ2019፣ ከሪያድ በስተምሥራቅ ባለው ሱለይ በሚባል የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር፣ የነጭ ጋዝና የአሮጌ ሞተር ዘይት ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፍንጫዬን ሲመታው፣ የመጣብኝ የእናቴ ፈገግታ ወይም የሰፈር ልጆች ጨዋታ አልነበረም፤ የመጣብኝ አባቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጥቁር ቀለም ውስጥ እየነከረ ወረቀት ላይ ሲጫን፣ አሻራው አልወጣ ሲለው፣ መኮንኑም በንዴት ሌላ ወረቀት ሲስብ ነው። ስለ ልጅነት በስኳር የተለወሰ ነገር ማንበብ የሚፈልግ ሰው ገበያው ሞልቷልና ሌላ ይፈልግ።

ወደዚያ ጋራዥ የጠራኝ ጀማል ነበር። ጀማል የወሎ ልጅ ነው፤ የሞተር ሥራ ኮምቦልቻ ተምሮ፣ በየመን በኩል ባሕር ተሻግሮ የመጣ፣ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት የሌለው፣ ከጋራዡ ደጃፍ ያልታወቀ መኪና በቆመ ቁጥር በጓሮ በር የሚወጣ ሰው ነበር። እኔ በዚያ ወቅት መላዝ በሚባል የሪያድ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ለአንድ የግንባታ ድርጅት የትርጉም ሥራ እሠራ ነበር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሪያድ የመጣሁት ለእንጀራ ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው፤ ከገባሁበት ከ2017 ጀምሮ ዐርብ ዐርብ በየጋራዡ እየዞርኩ፣ ሁለት መቀመጫ ያላት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ አረንጓዴ የእንግሊዝ አሮጌ መኪና አይታችኋል ወይ እያልኩ እጠይቅ ነበር። ጀማል ይህን ስለሚያውቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

«ወንድሜ፣ አንተ የመጽሐፍ ሰው አይደለህ? ያላ፣ ቶሎ ና። እንግሊዝ ሞተር ውስጥ የእኛ ቁጥር ተጽፎ አገኘሁ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ቀምሰህ ነው?»

«ወላሂ! ካላንደር ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አምስት ይሄዳል። እንግሊዞቹ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ነበር እንዴ?»

እሱ ሳቀ፣ እኔ ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጫማዬን መፈለግ ጀመርኩ፤ ምክንያቱም እነዚያ አምስት ቁጥሮች ሲቀረጹ አጠገባቸው ተቀምጬ መዶሻው ሲያርፍ ዓይኔን እየጨፈንኩ ቆጥሬያቸዋለሁ።

አባቴ በየነ እናቴንና እኔን ይዞ በጅቡቲ በኩል ሪያድ የገባው እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ነበር፤ ኢቃማው ላይ ግን «ሾፌር» ተብሎ ተጻፈ፣ ምክንያቱም ዋስ ሆኖ ያስመጣን ካፊል፣ አቡ ናስር፣ የሚፈልገው ሾፌር ነበር። አንድ ሰው የሚያውቀው ነገርና ወረቀቱ ላይ የተጻፈለት ነገር ሲለያዩ በዚያ አገር የሚሸነፈው ምንጊዜም ሰውየው ነው። የምንኖረው መላዝ፣ ከአቡ ናስር ቪላ በር ጋር ከተጣበቀች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር፤ እናቴ ቪላው ውስጥ ታበስላለች፣ አባቴ የጌታውን ልጆች ትምህርት ቤት ያመላልሳል፣ እኔ ደግሞ ትልቁ ልጅ ናስር የተወውን ብስክሌት ይዤ ግቢውን እዞር ነበር። ቤታችን ነበር። ቤት የሚባለውን ነገር ያወቅሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህን የምለው ደስ ብሎኝ አይደለም።

ሪያድ እኛ የምናውቀው ክረምት የላትም፤ ብርድ አለ፣ አቧራ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ከዚያ ተመልሶ ብርድ ነው። መኪናዋ የመጣችው በብርዱ ነበር። አቡ ናስር ከባሕሬን ገዝቶ በጭነት አስመጣት፣ ተነሥታ አሥር ሜትር ሳትሄድ ከሆዷ ውስጥ ሰው በር እንደሚያንኳኳ ድምፅ አሰማች፤ አባቴም ጥግ ቆሞ ይሰማ ስለነበር ሳይጠየቅ «የታችኛው ብሮንዚና ነው» አለ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነች ያጠፋችን። ወረቀቱ ሾፌር ስለሚል ጋራዥ ገብቶ ቢሠራ ይያዝ ነበርና፣ ሞተሩ ወጥቶ ወደ ግቢያችን መጣ፤ ከክፍላችን በር ፊት ለፊት፣ እናቴ ልብስ ከምታሰጣበት ገመድ ሥር ተቀመጠ።

ብሮንዚና ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አባቴ ለእኔ ባስረዳኝ መንገድ ላስረዳ። የሞተር ትልቁ ዘንግ፣ መካኒኮቻችን ኮሎ የሚሉት፣ በአምስት መኝታዎች ላይ ተኝቶ ነው የሚዞረው። እያንዳንዱ መኝታ የቀለበት ግማሽ የሚመስሉ ሁለት ስስ ለስላሳ ብረቶች፣ አንድ ከላይ አንድ ከታች፣ ተነጥፈውለታል፤ ብሮንዚና ማለት እነሱ ናቸው። ዘንጉ እነሱንም ነክቶ አይዞርም፤ በመካከላቸው ባለች ከጸጉር የቀጠነች የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ይነክሳል፣ ከሰፋ ያንኳኳል። ነገሩ ይኸው ነው፤ አንድ ሰው ግን ዕድሜውን ሊጨርስበት ይችላል።

በባቡር ወርክሾፑ ብሮንዚና ተዘጋጅቶ አይመጣም ነበር። ነጩ ብረት ቀልጦ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛው ዘንጉን ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ ያስተኛዋል፣ ያዞረዋል፣ ያነሣዋል፣ ከዚያም ቀለሙ የነካውን ከፍ ያለ ቦታ ብቻ በመፋቂያ ይፍቃል፤ ደግሞ ያስተኛል፣ ደግሞ ይፍቃል፣ እንዲህ እያለ ዘንጉ ልክ ሰው ፍራሹ ላይ እንደሚረጋ እስኪረጋ ድረስ ቀናት ይቆጥራል። አባቴ መፋቂያውን ከአሮጌ ሞረድ በገዛ እጁ ሠርቶ፣ የወይራ እጀታ አበጅቶለት፣ ከድሬዳዋ ሲወጣ ከልብሳችን ጋር ጠቅልሎ አምጥቶታል። የእንግሊዟ መኪና ብሮንዚና ግን ሌላ ዓይነት ነው፤ በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ልኩ ተጠብቆ የሚመጣ፣ ፊቱ ላይ ያለው ሽፋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ስለሆነ አንዴ መፋቂያ ከነካው ያለቀለት ነው። ከብሮንዚናው ሳጥን ጋር የመጣውን ወረቀት አባቴ የፈረንሳይኛውን ክፍል፣ ባቡሩ ላይ የለመደው ቋንቋ ነውና፣ እየፈታ አነበበልን፤ «አይፋቅም» የምትለዋ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ደግሞ አነበባት፣ እጁንም አየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲፍቅ የኖረ እጅ አትፍቅ ሲባል ምን እንደሚያደርግ አላውቅም፤ እኔ ያየሁት የቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው።

በዚያ ሰሞን አቡ ናስር እንግዶቹን እየያዘ ወደ ግቢያችን መምጣት ጀመረ። ሻይ በብርጭቆ ይዘው ከበው ይቆሙና አባቴን እያሳዩ «ኢዱ ዘሀብ» ይባባሉ ነበር፤ እጁ ወርቅ ነው ማለታቸው ነው። እናቴ ደስ ይላት ነበር፣ እኔም በኩራት እነፋ ነበር። ዛሬ ይህችን ቃል ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። አንድም ቀን አንዳቸውም ጭንቅላቱ ወርቅ ነው አላሉም። የሚያነበው፣ የሚለካው፣ የሚጠራጠረው፣ እንደገና የሚለካው ሰውዬ አልታያቸውም፤ ያዩት እጅ ብቻ ነው፣ እጅን ደግሞ አድንቀውም ሲያበቁ መቁረጥ አይከብድም።

አቧራው መጣ። የሪያድ አቧራ ሰማዩን እንደ ጡብ አቅልቶ ሲመጣ በዝግ መስኮት ገብቶ ጥርስ መካከል ይንቀጫቀጫል። የኮሎው ዘንግ ብረት ከሚከረከርበት ከቶርኖ ቤት ተመልሷል፣ ብሮንዚናው ተዘጋጅቷል፤ አባቴ ግን አቧራው እስኪያልፍ አልገጥምም አለ። አቡ ናስር በየቀኑ በር ላይ ቆሞ «ያላ ያ በየነ፣ ያላ!» ይላል፣ አባቴ «ነገ ኢንሻአላህ» ይላል፤ ነገም አቧራ ነው። በአራተኛው ቀን አባቴና አትክልተኛው ሞተሩን ተሸክመው እኛ የምንተኛበት ክፍል ውስጥ አስገቡት። እናቴ ወለሉን ሦስት ጊዜ አጥባ፣ የመስኮቱን ክፍተት ሁሉ በእርጥብ ፎጣ ጠቅጥቃ፣ አልጋውን ግድግዳ ላይ አቆመችው። አባቴ ብሮንዚናዎቹን በነጭ ጋዝ እያጠበ በንጹሕ ጨርቅ ሲያሻሽ ወገቧን ይዛ ታየው ነበር።

«አሥር ዓመት ስንኖር እኔን እንዲህ አሽተኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ መቼ አንኳኳሽ?» አላት፣ ቀና ሳይል።

ከሣቋ የተነሣ ፎጣው ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ግቢ የምወዳት አንዲት ነገር ብትኖር ይህች ነች፤ እሷንም ያለ ንዴት ማስታወስ አልችልም።

ሥራው የሚሠራው ቪላው በሚተኛበት ሰዓት ነበር፤ ከቀትር ጸሎት በኋላ እስከ አስር ሶላት ድረስ ጌቶቹ ስለሚያርፉ አባቴ ነጻ ነው። መጀመሪያ የአምስቱን መኝታዎች ክዳን በመሮ እየመታ ቁጥር ቀረጸባቸው፤ ከእሱ በፊት የነካው መካኒክ ያደረገው ምልክት የተምታታ ነበር፣ የአንዱ ክዳን ለሌላው ደግሞ አይሆንም። ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭። «ለምን በእኛ?» አልኩት። «የሚከፍተው የእኛ ሰው ከሆነ ያውቀኛል» አለኝ። ከዚያ ዘንጉን አስተኛ። መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረው የሲጋራ ወረቀት በቀጭኑ ቆርጦ በዘይት ያረጥብና በብሮንዚናውና በዘንጉ መካከል ያስተኛዋል፣ ክዳኑን ያጠብቃል፣ ዘንጉን በእጁ ያዞራል፤ ወረቀቱ ሲኖር መያዝ፣ ሲወጣ መልቀቅ አለበት። አንደኛው እንደዚያ ሆነ፣ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግን ወረቀቱ ከወጣም በኋላ ዘንጉን ያዘው። አባቴ ፈታው፣ አየው፣ መልሶ አጠበቀው፤ አሁንም ያዘው። ፊቱ ተለወጠ። የቀኝ እጁ እንደገና ጉልበቱ ላይ መከፈትና መዘጋት ጀመረ፤ እኔም በሙቀቱና በጋዙ ሽታ ደክሜ ግድግዳውን ተደግፌ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነሣ አምስቱም ክዳኖች ተዘግተው፣ አባቴ ዘንጉን በአንድ ጣት እያዞረ ነበር። በአንድ ጣት! ሦስተኛው እንዴት እንደለቀቀ አልጠየቅሁትም።

ሙቀቱ ሲገባ መኪናዋ ተነሣች። ድምፅዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የተስተካከለ ነበር። አባቴ ለናስር፣ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ሁለት ነገር ብቻ ነገረው፤ ሞተሩ አዲስ ስለሆነ ለጊዜው አትጋልባት፣ ራዲያተሩ አሮጌ ስለሆነ ደግሞ ውሃዋን ሳታይ አታስነሣት። ናስር «ሓድር ሓድር»፣ እሺ እሺ፣ እያለ ቁልፉን በጣቱ አሽከረከረው። በነሐሴ አንድ ሐሙስ ጓደኛውን አስቀምጦ ወደ አል ኸርጅ መንገድ ወጣ፣ በጭነት መኪና ተጎትቶ ተመለሰ። ሞተሩ ነክሶ ደርቆ ቀርቷል።

ያን ዕለት ግቢያችን ውስጥ የተደረገውን በቃል አውቀዋለሁ። አቡ ናስር መኪና አውቃለሁ የሚል አንድ ወዳጁን ይዞ መጣ። ወዳጁ የሞተሩን መሸፈኛ ከፍቶ ከላይ አየ፣ ምንም አልነካም፤ ከዚያ ዞር ሲል የአባቴን የመሣሪያ ሳጥን አየና መፋቂያውን አንሥቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለ። አባቴ የሚጠይቀው ሰው ስላገኘ ደስ አለውና፣ በተሰባበረ ዐረብኛው፣ ባቡር ላይ ብሮንዚና እንዴት እንደሚፋቅ በእጁ እያሳየ አስረዳው። ሰውዬው ወደ አቡ ናስር ዞሮ «ይኸው፣ ፍቆታል። መኪናህን ባቡር አደረጋት» አለው፣ ተሳሳቁ። አባቴ ያኔ ገባው። «ክፈቱትና እንየው» አለ። ሦስት ጊዜ አለ። «ክፈቱትና እንየው። እኔ ራሴ ልክፈተው።» አቡ ናስር «ኸላስ»፣ በቃ፣ ብሎ ሄደ።

በሳምንቱ በተርሂል፣ ማለት በመባረር፣ ወጣን። አሻራ ሲሰጥ ጣቶቹ በብርጭቆ ወረቀትና በጋዝ ብዛት ተልገው ምልክት አልወጣቸውም፤ ያ ወርቅ የተባለው እጅ ወረቀት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ተወ። ብስክሌቱ ግቢው ውስጥ ቀረ። መኪናዋ በሸራ ተሸፍና መጋዘን ገባች፣ አንድም ሰው አልከፈታትም፤ ሊከፍታት የሚችለውን ሰው አባረውታላ።

ድሬዳዋ ስንመለስ አባቴ ሞተር የሚባል ነገር አልነካም። የዱቄት ፋብሪካ ዘበኛ ሆኖ፣ በር ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቶ ይውል ነበር። ራት ላይ፣ ከምንም ተነሥቶ፣ «ሦስተኛውን ፋቅሁት እንዴ?» ይል ነበር። ዝናቡ መጥቶ ይሄዳል፣ ሙቀቱ መጥቶ ይሄዳል፣ ጥያቄው አይሄድም። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ፣ ሪያድ ብንቀር ኖሮ የሚለው ነገር አንጎሌን ሲበላኝ ከርሞ፣ አንድ ቀን ሳህኔን ገፋሁና «አዎ፣ ፍቀኸዋል! አንተ ነህ ያበላሸኸው!» ብዬ ጮህኩበት። አባቴ አልተቆጣም። ቁራሹን ሊያጎርሰኝ የዘረጋውን እጅ ወደ ራሱ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄውን አንድም ቀን አልጠየቀም። መልሱን ያገኘ መሰለው። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ መጽሐፍ ለመጽሐፍ ስንከባለል፣ እሱ መልሴን ይዞ ሞተ።

እንግዲህ ሱለይ ጋራዡ ውስጥ፣ ሞተሩ ተገልብጦ መቆሚያው ላይ ታስሮ ነበር። አምስቱ ክዳኖች በካርቶን ላይ ተደርድረዋል፤ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬፣ ፭። የ፫ ሁለተኛው ሰረዝ ትንሽ ተንጋዷል፤ መሮው ሲንሸራተት ትዝ ይለኛል። ጀማል ፊቴን አይቶ ቀልዱን አቆመ።

«የአባትህ ነው?»

«የአባቴ ነው። ብሮንዚናውን አሳየኝ።»

«ምን ብሮንዚና ታያለህ፣ ታቹ እኮ ሙሽራ ነው! የነከሰው ከላይ ነው፤ ውሃ ጨርሶ ነዶ ፒስተኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀዋል። ቴስታታውን ብታየው፣ እንደ ቆሎ ምጣድ ተቃጥሏል።» ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው። «እንዲህ የገጠመ ሰው አላየሁም፣ ወላሂ።»

ሦስተኛውን ብሮንዚና በጨርቅ ጠርጎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ፊቱ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ አንዲት የመፋቂያ ጭረት የሌለበት ነበር። ወደ ብርሃኑ ወስጄ አየሁት፣ በጥፍሬ ዳሰስኩት። ምንም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ቤታችን የተፈረደበት ነገር ምንም አልነበረም።

ናስር የደረሰው ያኔ ነው። ጭራቅ የሚጠብቅ አንባቢ ያዝናል፤ ሽበት ያበቀለ፣ ጨዋ፣ ለሠራተኛው ሁሉ ቀዝቃዛ ውሃ በካርቶን ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር። አባቱ ሞቶ መኪናዋን ወርሷል፤ አሮጌ መኪና ማሳየት ፋሽን ስለሆነ በቅርቡ ለሚደረግ ትርዒት ሊያደርሳት ፈልጓል። ጀማልን ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ኢዱ ዘሀብ» አለኝ። ከዚያ ክዳኖቹን እያሳየ፣ ምልክቶቹ የእንግሊዝ ፋብሪካው የጥንት ጽሑፍ እንደሆኑና መኪናዋ ብርቅ መሆኗን የሚያሳዩ እንደሆኑ አስረዳኝ። አስረዳኝ!

«የእንግሊዝ አይደለም» አልኩት በዐረብኛ። «ይህን የቀረጸው በየነ ነው። ሾፌራችሁ። ውሃ ሳታይ አታስነሣት ያለህ።»

ትንሽ አሰበ። «አህ፣ ያ ሐበሻ! አላህ ይማረው። ውሃ ነበር እንዴ?» ብሎ ሳቀ። «ወጣት ነበርን፣ ወንድሜ።» ወደ ጀማልም ዞሮ «ለትርዒቱ ትደርሳለች አይደል?» አለው።

ያን ጊዜ እጄ ላይ ያለውን ብሮንዚና ፊቱ ላይ ልወረውር ምን ያህል እንደቀረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ጀማል ግን እጅጌዬን ያዘና፣ ናስር እንዳይጠራጠር ፈገግ እያለ፣ በአማርኛ «ወንድሜ፣ በአላህ። አንተ ኢቃማ አለህ፤ እኔ የለኝም» አለኝ። ብሮንዚናውን ጨብጬ እጄን አወረድኩ። ያ ግቢ፣ ያ ሞተር፣ ያው ሰው፣ ተራው ብቻ የጀማል ነው። ናስር ከወጣ በኋላ ጀማል በፈንታው አዲስ ስለሚገባ ብሮንዚናውን ኪሴ ውስጥ ከተተልኝና ሥራውን ቀጠለ፤ ክዳኖቹንም በአባቴ ቁጥር መለሳቸው።

ማታውን አልጠበቅሁም፤ መንገድ ዳር ቆሜ ድሬዳዋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሞተሩ ተከፈተ። አባባ አልፋቀውም።»

«እኔ መች ፋቀው አልኩ?»

«ታውቂ ነበር?»

«መፋቂያውን እኮ እኔ ነኝ የደበቅሁት፣ ልጄ። እጄ ለምዶ እንዳያሳስተኝ ወስደሽ ደብቂልኝ ብሎኝ ሩዝ ከረጢት ውስጥ ከትቼው ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ነው የሰጠሁት። ሦስተኛው የያዘው በአሸዋ ነው፤ ከብሮንዚናው ጀርባ የገባች አንዲት ፍሬ አሸዋ። ጥፍሩ ላይ አድርጎ አሳየኝ። አንተ ተኝተህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«መቶ ጊዜ ነገርኩት። ሰው ሁሉ ፋቅህ ሲለው ራሱን ማመን ተወ። አንቺ ሳታዪ አውጥቼው ይሆናል ይለኝ ጀመር። በኋላ ደግሞ አንተ አልክ። አንተስ መች ጠየቅኸኝ?»

ጀማል በ2021 ተይዞ ተላከ፤ አሁን ኮምቦልቻ ነው። መኪናዋ ትርዒቱ ላይ ቆማ ነበር አሉ፤ ያደሳት ሰው ስም አልተጻፈም። ያኔ ቤታችን የነበረችው ክፍል አሁንም አለች፤ ከሪያድ ሳልወጣ በፊት በበሯ አልፌ፣ አንዲት የእኛ አገር ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስታይ አየሁ፣ የልብስ ገመዱም በዚያው ቦታ ተዘርግቷል። በልጅነቴ ከዚያ ገመድ ሥር ሞተር ነበር፣ የእናቴ ሣቅ ነበር፣ በአንድ ጣት የሚዞር ዘንግ ነበር፤ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ የቀለበት ግማሽ የምትመስል ግራጫ ብረት አለች፣ አባቴ ሦስት ጊዜ «ክፈቱትና እንየው» ሲል አልሰማ ካሉት ሰዎች መካከል በጣም ቅርቡ እኔ እንደነበርኩ የምታስታውሰኝ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ስለ አቡ ናስር ሲነበብላችሁ ራሳችሁን የምትነቀንቁ አንባቢዎች፣ ብዙዎቻችሁ ቤት ውስጥ ሰረቀች ተብላ በአንድ ቀን ጓዟን አንጠልጥላ የወጣች ልጅ ነበረች፤ አበላሸ ተብሎ የተባረረ ልጅም ነበር። ልዩነቱ እናንተ ፖሊስ ሳያስፈልጋችሁ ማባረራችሁ ብቻ ነው። ማዘናችሁን አልፈልግም። ተነሡና ሳጥኑን ክፈቱ፣ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አርቁ፣ የጠፋውን ቀለበት ፈልጉ። ስታገኙት ደግሞ ደውሉላት።